የተሰማ ደንበኛ፣ ያልተሰማ ደንበኛ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ባለጸጎች የበረዶውን ወራት የሚያሳልፉት በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ፣ በኒስ ከተማ ነበር። መሳፍንቱ፣ የባንክ ባለቤቶቹና ባለፋብሪካዎቹ ብርዱን ሸሽተው እዚያ ይከትማሉ። ከእነሱ ጋር ከሚውሉት አንዱ ኤሚል የሊኔክ ይባላል። በ1853 በላይፕዚግ ተወልዶ በቪየና ያደገ፣ የስመ ጥር ራቢ ልጅ ነው፤ በሰሜን አፍሪካ ንግድና በኢንሹራንስ ሥራ ሀብት አፍርቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቅንጡ መኪና ገበያ ታሪክ ከዚህ ሰው ቢጀምር ተገቢ ነው፤ የሊኔክ ሻጭ ከመሆኑ በፊት ቅሬታ ያለው ደንበኛ ነበርና።

የሊኔክ ጀርመን ድረስ ሄዶ፣ ካንሽታት ከሚገኘው የጎትሊብ ዳይምለር ፋብሪካ መኪና ገዛ። ይዞት ኒስ ሲገባ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ እሱ ግን ፍጥነቱ አላረካውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ካልሠራችሁልኝ ብሎ ጻፈ። ሲሠሩለትም ሌላ ጠየቀ። በዚህ መካከል ኒስ ውስጥ ለሚያውቃቸው ሀብታሞች መኪናውን ያስተዋውቅና ይሸጥ ጀመር። በእሽቅድምድም የሚገባው በራሱ ስም አልነበረም፤ በ1889 በተወለደችው ልጁ ስም፣ «ሙሴ መርሴዴስ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

መጋቢት 1900 ላይ አደጋ ደረሰ። ከኒስ ወደ ላ ቱርቢ በሚወጣው የዳገት ውድድር የዳይምለር ሾፌር ቪልሄልም ባወር መኪናው ከቁጥጥሩ ወጥቶ ሞተ። ጎትሊብ ዳይምለር ራሱም በዚያው ወር መጀመሪያ አርፎ ነበር። ፋብሪካው ከእሽቅድምድም ለመውጣት አሰበ። የሊኔክ ግን ተቃወመ። ሰውየውን የገደለው ውድድሩ ሳይሆን የመኪናው አሠራር ነው አለ፤ ቁመቱ ረዝሟል፣ ክብደቱ በዝቷል፣ መሬት አይቆነጥጥም። የሚፈልገውን ዘርዝሮ ነገራቸው፦ ዝቅ ያለ፣ ሰፋና ረዘም ያለ፣ ቀላል፣ ሞተሩም ኃይለኛ የሆነ። ይህን ካደረጋችሁ 36 መኪና እገዛለሁ ብሎ በ550,000 የወርቅ ማርክ ተዋዋለ። ከውሉ አንዱ ቅድመ ሁኔታ መኪናው የልጁን ስም እንዲይዝ ነበር።

መሐንዲሱ ቪልሄልም ማይባክ በወራት ውስጥ ባለ 35 የፈረስ ጉልበቱን መኪና ሠራ። የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1900 ተላከ። በመጋቢት 1901 በኒስ የውድድር ሳምንት መርሴዴስ የተባለው ይህ መኪና ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ አስከነዳ። ባለጸጎቹ ትዕዛዝ ለማስገባት ተሽቀዳደሙ። ስሙ በ1902 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ፤ በ1903 ደግሞ አባትየው የራሱን ስም ለውጦ የሊኔክ-መርሴዴስ ተባለ። ለዘመናዊው መኪና መሠረት የሆነው ንድፍ የመጣው አንድ ገንዘብ ያለው ሰው ቅሬታውን ሲናገር አንድ ፋብሪካ ስላዳመጠ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት፣ ሀብታምን ለመማረክ የተደረገው ጥረት የተሳካውም የከሸፈውም በዚሁ መለኪያ ነው።

የሾፌሩ ትምህርት ቤት

በእንግሊዝ ሁለት የተራራቁ ሰዎች ተገናኙ። ቻርልስ ሮልስ የሎርድ ልጅ ነው፤ ካምብሪጅ ተምሮ፣ ለንደን ውስጥ የውጭ አገር መኪና እያስመጣ ለመኳንንት ይሸጥ ነበር። ሄንሪ ሮይስ ደግሞ በልጅነቱ ጋዜጣ እየሸጠ ያደገ የድሃ ልጅ፣ በማንቸስተር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሮይስ የገዛው ያገለገለ የፈረንሳይ መኪና ስላላረካው ራሱ የተሻለ ሠራ። ሁለቱ ግንቦት 4 ቀን 1904 በማንቸስተር ሚድላንድ ሆቴል ተገናኙ፤ ሮልስም የሮይስን መኪና ሁሉ ለመሸጥ ተስማማ።

ሮልስ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው አብሯቸው ስላደገ ነው። ስማቸው ላይ ስም የሚጨምር ነገር እንደሚወዱ ያውቃል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን መንገድ ላይ ቆሞ መቅረትን፣ በሰው ፊት ማፈርን እንደሚጠሉ ያውቃል። ከዚህ ስምምነት የተወለደው የሮልስ-ሮይስ ሥራ አስኪያጅ ክሎድ ጆንሰን ይህንን ስጋት ነቅሎ ለመጣል ተነሣ። በ1907 አንዱን መኪና በብር ቀለም አስቀብቶ «ሲልቨር ጎስት» አለው። በእንግሊዝ የንጉሣዊ አውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች ፊትም 15,000 ማይል፣ ማለትም 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲነዳ አደረገ። መኪናው ከለንደን ግላስጎው እየተመላለሰ፣ ከመንገዱ አብዛኛውን ያለ አንዳች ብልሽት ጨረሰ። ከዚያም ተፈታትቶ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተለኩ። እንደ አዲስ ለማድረግ ያስፈለገው የመለዋወጫ ወጪ 3 ፓውንድ አይሞላም ነበር። ውጤቱ ለሕዝብ ተገለጸ። ሻጩ ከሚናገረው ምስጋና ይልቅ የታዛቢው መዝገብ ብዙ ሥራ ሠራ።

ጆንሰን ሌላም ነገር ገብቶት ነበር። የዚያ ዘመን ባለጸጋ መኪናውን ራሱ አይነዳም፤ የሚነዳለት፣ የሚያጥብለት፣ ዘይት የሚቀይርለት ሾፌሩ ነው። መኪናው ከተበላሸም ጌታው የሚያምነው የሾፌሩን ቃል ነው። ስለዚህ ሮልስ-ሮይስ ለደንበኞቹ ሾፌሮች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሾፌሩ ሞተሩን እንዴት እንደሚንከባከብ ተምሮ፣ ሙያውም ተከብሮለት ይመለሳል። የጌታውን ቤት ደጅ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ ድርጅቱ በሚገባ ተረድቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሮልስ-ሮይስ የሚሸጠው ሻንሲውንና ሞተሩን ብቻ ነው። ደንበኛው ቦዲውን እንደ ባርከርና ሁፐር ላሉ ሠረገላ ሠሪዎች ሄዶ ያሠራል። ረጅም ባርኔጣውን ሳያወልቅ መቀመጥ የሚፈልግ ጣራውን ከፍ ያስደርጋል። የሕንድ ማሃራጃዎች ለአደን ክፍት መኪና ከፍለጋ መብራትና ከጠመንጃ ማስቀመጫ ጋር ያዝዛሉ፤ ሴቶቻቸው ከሰው ዓይን እንዲከለሉም መጋረጃ ያስገባሉ። ለሁሉም እንደ ልማዱና እንደ ፍላጎቱ ይሠራለት ነበር።

አዲስ አበባ፣ 1900 ዓ.ም.

መኪና ወደ ነገሥታት ደጅ በሚጓዝበት በዚህ ወቅት ነው አዲስ አበባም የመጀመሪያውን ያየችው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በአገሩ የተሠራ ዎልስሊ-ሲድሊ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሣ፤ ያሰበውም ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ለማድረስ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ያኔ ከድሬዳዋ አላለፈም። ለመኪና ተብሎ የተጠረገ መንገድ በሌለበት በረሃና አቀበት መኪናው አዲስ አበባ ደረሰ። የጉዞው ታሪክ በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ በ1913 በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል። ብዙ ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ የአገሩን መኪና ይዞ መጣ። አውሮፓውያኑ እርስ በርስ የሚፎካከሩት ለምኒልክ ትኩረት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ የእጅ ሥራና ለማሽን ያላቸው ፍቅር እስከ ውጭ አገር የታወቀ ነውና።

ጉዞው በድፍረቱ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ከሾፌሩ ትምህርት ቤት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። መኪናው ቤተ መንግሥት ገባ እንጂ መንገዱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ጋራዡና መለዋወጫው አብረው አልገቡም። ታላቅ ደንበኛን በክብር መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ የገዛው ነገር በእጁ እንዲሠራለት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ይህ ክፍተት በአገራችን የመኪና ገበያ ውስጥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ካዲላክ የዘጋው በር

በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ አልፍሬድ ስሎን እየመራው ለየኪሱ የሚሆን መኪና አዘጋጀ። በታች ሼቭሮሌት፣ በላይ ካዲላክ ነበር። ሰው ገቢው ባደገ ቁጥር ደረጃውን እየወጣ በመጨረሻ ካዲላክ ላይ እንዲደርስ የታሰበ መሰላል ነው። በ1927 ሃርሊ ኧርል የተባለ የመኪና ቅርጽ ባለሙያ ተቀጥሮ የውበት ክፍል መምራት ጀመረ። በጥር 1930 ካዲላክ ባለ 16 ሲሊንደር መኪናውን ኒው ዮርክ ላይ አቀረበ። ጊዜው ግን ከፋ። ከወራት በፊት የአክሲዮን ገበያው ወድቆ፣ ሀብታሙም ገንዘቡን ማውጣት ፈርቷል። ሽያጩ እያሽቆለቆለ ሄዶ ካዲላክን ጨርሶ የመዝጋት ሐሳብ ለውይይት ቀረበ።

በዚያን ጊዜ ኒኮላስ ድራይሽታት የተባለ ጀርመን ተወላጅ የካዲላክን የጥገና አገልግሎት ይመራ ነበር። የሥራ አመራር ምሁሩ ፒተር ድራከር እንደጻፈው፣ ድራይሽታት በየከተማው ጋራዦችን ሲጎበኝ አንድ ነገር አስተዋለ። መኪናቸውን ለማስጠገን ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፦ ቦክሰኞች፣ ዘፋኞች፣ ሐኪሞች፣ የቤት ደላሎች። የድርጅቱ ደንብ ግን ለጥቁር ሰው ካዲላክ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች መኪናውን ከየት አገኙት? ለአንድ ነጭ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉና በእሱ ስም ይገዙ ነበር።

ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ገንዘብ ቢኖረውም ጥሩ ሰፈር ቤት እንዲገዛ አይፈቀድለትም፤ ጥሩ ሆቴል አያስተናግደውም፤ የመዝናኛ ክለብ አያስገባውም። የልፋቱን ፍሬ ለዓለም ሊያሳይበት ከሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ መኪና ነበር። እሱንም ለማግኘት ዋጋውን ሙሉ ከፍሎ፣ ለውርደቱ ደግሞ ተጨማሪ ይከፍላል። ድርጅቱ የነጭ ደንበኞቼን ክብር እጠብቃለሁ ብሎ፣ በችግር ጊዜ እንኳን የሚገዛውን ሰው ከደጁ ይመልስ ነበር።

ድራይሽታት ሳይጠራ የጄኔራል ሞተርስ ባለሥልጣናት ስብሰባ ላይ ገብቶ፣ ለእነዚህ ደንበኞች በቀጥታ እንሽጥላቸው ብሎ ተከራከረ። ጊዜ ሰጡት። ሽያጩ አንሠራራ፤ ካዲላክም ከመዘጋት ተረፈ። በ1934 ድራይሽታት ራሱ የካዲላክ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ውሳኔው ከትርፍ ስሌት የመነጨ እንጂ የዘር መድልዎን ለማጥፋት የተወሰነ አልነበረም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ያም ሆኖ እውነቱን ያየው በቢሮ የተቀመጠው የሽያጭ ሰው ሳይሆን ጋራዥ ለጋራዥ የሚዞረው የጥገና ሰው ነው። ደንበኛው ማን እንደሆነ የሚታወቀው መኪናውን ሊያስጠግን ሲመጣ ነው።

የትራክተር ሠሪው ቅሬታ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤንዞ ፌራሪ በጣሊያኗ ማራኔሎ ከተማ በ1947 የመጀመሪያውን በስሙ የሚጠራ መኪና አወጣ። የፌራሪ ልብ ያለው እሽቅድምድም ላይ ነው፤ ለግለሰብ መኪና የሚሸጠው የእሽቅድምድሙን ወጪ ለመሸፈን ነበር። ደንበኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፦ የቤልጂየም ንጉሥ የነበሩት ሊዮፖልድ 3ኛ፣ የኢራን ሻህ፣ ባለሀብቱ ጃኒ አኜሊ፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ። ፌራሪ ወደ እነሱ አይሄድም፤ እነሱ ማራኔሎ መጥተው ደጅ ይጠኑታል። ይህ ኩራት ራሱ መኪናውን የበለጠ ተፈላጊ አደረገው።

ኩራቱ ግን ዋጋ ያስከፈለበት ቀን መጣ። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የገበሬ ልጅ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ ትራክተር እየሠራ የከበረ ሰው ነው። በገንዘቡ ፌራሪዎች ገዛ፤ ፍሪሲዮኑ ግን እየደጋገመ ያስቸግረው ነበር። ፌሩቾ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ሲያስፈትሸው ክፍሉ እሱ ትራክተሩ ላይ ከሚገጥመው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ቅሬታውን ይዞ ወደ ኤንዞ ሄደ። ያገኘው መልስም አንተ ትራክተር እንጂ ፌራሪ መንዳት አትችልም የሚል ሆነ። የተረፈልን በአብዛኛው የተበዳዩ ወገን ትረካ ነው። በ1963 የሆነው ግን አያከራክርም። ፌሩቾ ከማራኔሎ ብዙም በማይርቀው ሳንታጋታ ቦሎኜዜ ፋብሪካ ተከለ። ሞተሩን የሠራለት ቀድሞ የፌራሪ መሐንዲስ የነበረው ጆቶ ቢዛሪኒ ነው። በ1966 ጄኔቭ ላይ ሚዩራ የተባለው መኪና ሲቀርብ ፌራሪ እስከ ዛሬ የዘለቀ ተፎካካሪ እንዳፈራ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ካረፈ በኋላም ድርጅቱ ገበያው ከሚፈልገው አንድ አሳንሶ የመሸጥን መርሕ ይዞ ቀጠለ። በ1995 የወጣው ኤፍ 50 በ349 ብቻ የተወሰነው በዚሁ ሐሳብ ነው። በ2013 የመጣው ላፌራሪ በመጀመሪያ በ499 ተወሰነ፤ ለመግዛትም ገንዘብ ብቻ አይበቃም፣ ከድርጅቱ ጋር የቆየ ታሪክ ያስፈልጋል። ገዢው ሻጩን ደጅ የሚጠናበት ሥርዓት እዚህ ላይ ተሟላ።

ሃያ ቀናት

የቶዮታው ሊቀ መንበር ኤጂ ቶዮዳ በነሐሴ 1983 የድርጅቱን ኃላፊዎች ሰብስበው ከዓለም ምርጥ ከሚባሉት ጋር የሚወዳደር መኪና መሥራት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ። ቶዮታ ያኔ የሚታወቀው በርካሽና በማይበላሽ መኪና ነው። በ1985 ባለሙያዎች ወደ ካሊፎርኒያ ተልከው ላጉና ቢች ተቀመጡ። ሥራቸው የአሜሪካ ሀብታም እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚወድ፣ በምን እንደሚማረር ማጥናት ነበር። ዋና መሐንዲሱ ኢቺሮ ሱዙኪ ድምፅንና ንዝረትን ከሥሩ ለማጥፋት ተነሣ። 450 ያህል የሙከራ መኪናዎች ተሠርተው፣ ሌክሰስ በተባለ አዲስ ስም ኤልኤስ 400 በጥር 1989 ዲትሮይት ላይ ለዕይታ ቀረበ፤ በመስከረም በ35,000 ዶላር ለገበያ ወጣ። በማስታወቂያው ኮፈኑ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች ተደርድረው ሞተሩ በኃይል ሲነዳ አንዱም አይወድቅም።

ሌክሰስ ነጋዴዎቹን ያስገባቸው ቃል ነበር፤ እያንዳንዱን ደንበኛ ቤታቸው እንደመጣ እንግዳ እንዲቀበሉ። ቃሉ የተፈተነው ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። በታኅሣሥ 1989 የኋላው ተጨማሪ የፍሬን መብራትና የፍጥነት መጠበቂያው ጉድለት እንዳለባቸው ከጥቂት ደንበኞች ቅሬታ መጣ። እንዲህ ያለው ዜና ለአዲስ ስም የሞት ያህል ነው። ድርጅቱ ግን የሸጣቸውን 8,000 ያህል መኪናዎች በሙሉ ጠራ። ደንበኛውን ና አላለውም፤ ቤቱ ሄዶ መኪናውን ወሰደ፣ ጠገነ፣ አጠበ፣ ነዳጅ ሞልቶ መለሰ። ከነጋዴው ርቆ ለሚኖርም ባለሙያ በአውሮፕላን ተላከለት። ሥራው በ20 ቀናት አለቀ። ስሙን የሚያጠፋው የተባለው ጉድለት ስሙን አጸናው፤ የመቶ ዓመት ዝና ያላቸው ተፎካካሪዎችም አገልግሎታቸውን ለማሻሻል ተገደዱ።

ዛሬ የት ደረሰ?

ሮልስ-ሮይስ በቢኤምደብልዩ እጅ ገብቶ ከ2003 ጀምሮ በእንግሊዝ ጉድውድ ይሠራል። በ2023 በዓለም ዙሪያ የሸጠው 6,032 መኪና ነው። የድርጅቱ ጉልበት ብዛት ላይ አይደለም፤ ለአንድ ሰው በልኩ በመሥራት ላይ ነው። በ2021 ያሳየው ቦት ቴይል ለሦስት ደንበኞች ብቻ፣ ከደንበኞቹ ጋር አራት ዓመት ያህል እየተመካከሩ የተሠራ ነው። ባለቤቶቹ ብቻ የሚገቡበት የስልክ መተግበሪያ አለው፤ በ2022 ደግሞ ደንበኛው ከንድፍ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ መኪናውን የሚያስነድፍበት ልዩ ቢሮ ዱባይ ላይ ከፈተ። ማሃራጃው ቦዲውን ለማሠራት ሠረገላ ሠሪው ዘንድ ይሄድ ነበር፤ አሁን ሠሪው ደንበኛው ወዳለበት ከተማ መጥቷል።

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ላይ ስናየው ውጤቱ ወጥ ነው። ዳይምለር የየሊኔክን ቅሬታ ሰምቶ መርሴዴስን አገኘ። ካዲላክ ደጁ የቆመውን ሰው አላይ ብሎ ሊጠፋ ደርሶ፣ ሲያየው ዳነ። ፌራሪ አንድ ትራክተር ሠሪ አላረካም፤ ተፎካካሪ ተፈጠረበት። ሌክሰስ ጉድለቱን ደንበኛው ቤት ድረስ ሄዶ አረመ፤ በአንድ ወር የብዙ ዓመት እምነት ገዛ። ውድ ቆዳ፣ የሚያምር እንጨት፣ ኃይለኛ ሞተር ሁሉም ሊያቀርበው ይችላል። ባለጸጋው ተመልሶ የሚመጣው ሲናገር የሚያዳምጠው፣ ሲቸገር የሚደርስለት ሰው ወዳለበት ነው።

በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ለሀብታም ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው አክብሮት የተለመደው ብዙ ለሚከፍል ሰው ነው፤ ያስፈልግ የነበረው ግን ከሁሉ በላይ ጥቂት ላለው ነው። ሚሊየነር መኪናው ቢቆም ሌላ አለው። አዲስ አበባ ላይ ዓመታት የቆጠበውን፣ ከዕቁብና ከብድር ያሰባሰበውን ገንዘብ አንድ መኪና ላይ የሚያውል ሰው ግን መለዋወጫ ሲያጣ፣ ጋራዥ ሲያንገላታው፣ የሸጠለት ነጋዴ ስልክ ሳያነሣለት ሲቀር የሚወድቀው የቤተሰቡ ኑሮ ነው። በተለይ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ሲበዛ፣ ባትሪውን ማን ይጠግናል፣ ዋስትናውን ማን ያከብራል የሚለው ጥያቄ የእያንዳንዱ ገዢ ጥያቄ ሆኗል። መኪና አስመጪዎቻችን ከሮልስ-ሮይስ የሚማሩት የማሳያ አዳራሽ ወለሉን ማሳመር ሳይሆን ሾፌሩን ማስተማሩን፣ ከሌክሰስም ማስታወቂያውን ሳይሆን እነዚያን 20 ቀናት ቢሆን፣ የሚያተርፉት ደንበኛው ብቻ አይሆንም፤ ስማቸውን ለልጆቻቸው የሚያወርሱ ነጋዴዎች ይሆናሉ።